ቤከንስ ካስል፦ የቨርጂኒያው የጡብ ቤት

ቤከንስ ካስል በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሰሪ ካውንቲ ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ የጡብ መኖሪያ ቤት ነው። የተሠራው በ1665 ነው፤ ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ ጎንደር ላይ አፄ ፋሲል ገና በዙፋናቸው ነበሩ። ዩናይትድ ስቴትስ የምትባለው አገር ደግሞ እስክትመሠረት ከመቶ ዓመት በላይ ይቀራታል። በአገሪቱ ዕድሜያቸው በማስረጃ ከተረጋገጠ የጡብ መኖሪያ ቤቶች ይህን የሚቀድም የለም። ስሙ ካስል፣ ማለትም የግንብ ምሽግ፣ ይሁን እንጂ ምሽግ ሆኖ አልተሠራም። ስሙ የተወሰደበት ቤከን የተባለው ሰውም አንድ ቀን አልኖረበትም።

ቤቱን ያሠራው አርተር አለን ነው፤ ነጋዴም የትምባሆ እርሻ ባለቤትም ነበር። በዚያ ዘመን የቨርጂኒያ ሰው፣ ሀብታሙም ሳይቀር፣ የሚኖረው በእንጨት ቤት ነበር። ቋሚዎቹ በቀጥታ መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ ከዚያ ትውልድ ቤቶች ለዛሬ የደረሰ እምብዛም የለም። ጡብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሸክላው ተቆፍሮ ይቦካል፣ ቅርጽ ይዞ ይደርቃል፣ ከዚያ በብዙ ማገዶ ይተኮሳል። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሌለ ኖራውን የሚያገኙት ኦይስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ ቅርፊት አቃጥለው ነበር። ይህን ሁሉ ወጪ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ቤቱ ለረጅም ጊዜ «የአለን የጡብ ቤት» ተብሎ መጠራቱም ለዚህ ይመስላል፤ ጡብ መሆኑ ብቻ ከጎረቤቶቹ ለመለየት ይበቃ ነበር። የተሠራበት ዓመት የታወቀው ወራጆቹ ከተቆረጡበት ዛፍ ዓመታዊ ቀለበት ተቆጥሮ ነው።

የአሠራሩ ስልት ጃኮቢያን ይባላል፤ በእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ስም የተሰየመ ነው። ንጉሡ ከሞቱ አርባ ዓመት ቢሆንም ፋሽኑ ባሕር ማዶ ገና አላረጀም ነበር። ከላይ ሲታይ ቤቱ የመስቀል ቅርጽ አለው። ዋናው ክፍል አራት ማዕዘን ነው። ከፊቱ መግቢያውን የያዘ ግንብ ወጣ ብሎ ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ ደረጃውን የያዘ ሌላ ግንብ አለ። ደረጃው ለብቻው በመውጣቱ ክፍሎቹ ሰፋ ብለው ይቀራሉ። ከሥር ምድር ቤት፣ ከላይ በጣሪያው ሥር ክፍሎች አሉ። ጡቡ የተደረደረው አንዱን ረድፍ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩን በአጭሩ እያፈራረቁ ነው።

ዓይን የሚይዙት ግን ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ናቸው። ጫፋቸው እንደተለመደው ሦስት ማዕዘን ሆኖ አያልቅም፤ እየተጠማዘዘና እየተቆረጠ፣ በእርከን ወደ ላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሦስት የጭስ መውጫዎች ቆመዋል፤ ማዕዘናቸው ወደ ፊት እንዲሆን ገደድ ተደርገው ነው የተሠሩት። ለጭስ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል መልፋት አያስፈልግም ነበር። በአሜሪካ አህጉር ከዚህ ስልት ጋር የሚቆጠሩ ሌሎች ሁለት ታላላቅ ቤቶች፣ ድራክስ ሆልና ሴንት ኒኮላስ አቢ፣ ባርቤዶስ ደሴት ላይ ናቸው።

አርተር አለን በ1669 ሲሞት ቤቱ ለልጁ ለሻለቃ አርተር አለን ተላለፈ። ልጁ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የቨርጂኒያ ገዢ የዊልያም በርክሌይ ወዳጅ ነበር፤ መዘዙም ከዚያ መጣ። በ1676 ናትናኤል ቤከን የተባለ ወጣት ባለ ርስት በገዢው ላይ ተነሳ። የትምባሆ ዋጋ ወድቆ ነበር፣ ግብሩ ከብዶ ነበር። ሰፋሪዎቹ ደግሞ የአገሬውን ሕንዶች እንውጋ ሲሉ ገዢው አልፈቀደም። በመስከረም ወር ቤከን ዋና ከተማዋን ጄምስታውንን አቃጠለ። በዚያው ወር ሰባ ያህል ተከታዮቹ የአለንን ቤት ያዙ። ወፍራም የጡብ ግድግዳ ላለው ሠራዊት ግማሽ ድል ነው። ከሦስት ወር በላይ ተቀመጡበት፤ የባለቤቱን ከብት አረዱ፣ ወይን ጠጁን ጠጡ። ቤከን ራሱ ጥቅምት 26 ቀን በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ሰዎቹ ግን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አልወጡም። ሲወጡም የቻሉትን ይዘው ሄዱ። አለን ኪሳራውን በፍርድ ቤት ጠየቀ፤ በኋላም የቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ እስከመሆን ደረሰ። በርክሌይ ሃያ ሦስት ሰዎች ካሰቀለ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተጠርቶ በ1677 እዚያው ሞተ።

አመፁን የአሜሪካ ነጻነት የመጀመሪያ ጭላንጭል አድርገው የሚያዩት ነበሩ። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ይህን አይቀበሉም፤ ቤከን ሕንዶችን ያለ ልዩነት ይጨፈጭፍ እንደነበር ያስታውሳሉ። የቤቱ ስም ግን ከአመፁ ብዙ ቆይቶ ከወራሪዎቹ አለቃ ጋር ተጣበቀ። ለባለቤቶቹ ትንሽ ያሳዝናል።

የአለን ዘሮች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆዩበት። ከእነሱ በኋላ የሃንኪንስ ቤተሰብ ገዝቶት በዘመኑ ፋሽን አዲስ ክንፍ ቀጠለበት። በጊቢው ውስጥ በዚያው ክፍለ ዘመን የተሠራ የባሪያዎች ማደሪያ አሁንም ቆሞ ይታያል። የእርሻው ሀብት በእነዚህ ሰዎች ጉልበት የተገኘ ስለሆነ ጎብኚ ሳያየው ባይመለስ ጥሩ ነው።

በ1960 ቤቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። በ1973 ደግሞ ከ1889 ጀምሮ ታሪካዊ ቦታዎችን ሲታደግ የኖረው፣ ዛሬ ፕሪዘርቬሽን ቨርጂኒያ የሚባለው ማኅበር ገዝቶ ለሕዝብ ከፈተው። በ1980ዎቹ በተደረገ ቁፋሮ ከቤቱ አጠገብ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአትክልት ስፍራ ተገኘ። በአሸዋ መንገዶች የተከፈሉ ስድስት ትልልቅ መደቦች ነበሩት። በአገሪቱ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የአትክልት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የቨርጂኒያ አትክልተኞች ክበብ በገንዘብ ረድቶ በቀድሞው ቅርጹ እንደገና ተዘርግቷል።