በትከሻ ኤምአርአይ ውጤት ላይ «ሙሉ ውፍረቱ ተቀድዷል» ሲባል

በትከሻ ኤምአርአይ ውጤቱ ላይ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት «ሙሉ ውፍረቱ ተቀድዷል» የሚል ያነበበ ታካሚ ብዙውን ጊዜ ጅማቱ ለሁለት የተበጠሰ ይመስለዋል፤ አገላለጹ ግን የሚናገረው ስለ ጥልቀት ብቻ ነው። ቀዳዳው ከጅማቱ የላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው ዘልቋል ማለት ሲሆን፣ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ የቀረው ክፍል ከአጥንቱ ጋር እንደተያያዘ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከስያሜው ይልቅ የቀዳዳው ልኬት፣ የተቀደደው ጫፍ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተሰበሰበ፣ እንዲሁም ጡንቻው መሳሳቱና በስብ መተካቱ ለሐኪሙ ውሳኔ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ራጅ በዋናነት አጥንትን ስለሚያሳይ «ራጁ ደህና ነው» መባሉ (ይህም ብዙዎችን ያዘናጋል) ጅማቱ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ክንዱ እየተንቀሳቀሰ ጅማቱን ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ደግሞ ምንም ሕመም የሌለው መቀደድ መገኘቱ የተለመደ ነው።