የቤት ወፍ ጥፍር አቆራረጥ

ካናሪ ይሁን ባጂ፣ ላቭ በርድ (ሁለቱም ትንንሽ የበቀቀን ዘሮች ናቸው) ይሁን ትልቅ በቀቀን፣ የወፍ ጥፍር እንደኛው ሁሉ ማደጉን አያቆምም። የዱር ወፎች በዚህ አይቸገሩም። አዲስ አበባ መሀል ዛፍ ላይ ሲንጫጩ የምናያቸው ጥቁር ክንፍ ያላቸው አረንጓዴ ላቭ በርዶች (ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በተፈጥሮ አይገኙም) ቀኑን ሙሉ ሻካራ ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠላጠሉ ስለሚውሉ ጥፍራቸው እየተፋቀ ያልቃል። ካዛንቺስ ፎቅ በረንዳ ላይ የተሰቀለች ባጂ ግን የምትውለው ለስላሳ ክብ እንጨት ላይ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከመጥረጊያ እንጨት ተቆርጦ የተሠራ።

ጥፍሯ ጨርቅ እየያዘ ካስቸገራት ወይም እግሯ ቆጡ ላይ ገጥሞ ካልተቀመጠ ረዝሟል ማለት ነው።

ዋናው ጥንቃቄ አያያዙ ላይ ነው። ወፍ እንደኛ ሳንባን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ አየር የምታስገባው ደረቷን ወደ ውጪና ወደ ውስጥ እያንቀሳቀሰች ነው። ስለዚህ ደረቷን ከጨበጣችሁት አፍንጫዋን ሳትነኩ ታፍኗታላችሁ። በቀጭን ፎጣ ጠቅልሉና አንገቷን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ብቻ ደግፉ፣ ደረቷን ልቀቁት። አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይቁረጥ። አፏን ከፍታ ማለክለክ ከጀመረች ወዲያው ልቀቋት፤ የቀረው ጥፍር ነገ ይቆረጣል።

ጥፍሩ ውስጥ ደም ስርና ነርቭ አለ። ነጣ ባለ ጥፍር ላይ ከኋላ በስልክ መብራት ስታበሩበት ሮዝ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ጥቁር ጥፍር ላይ ግን አይታይም። ጫፉን ብቻ፣ በአንዴ ከ1 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ መቁረጥ ነው። ለትንንሾቹ የሰው ጥፍር መቁረጫ ይበቃል። አንዲት ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም ብትመዝን ነው፤ ደሟ ደግሞ የክብደቷ አንድ አስረኛ ገደማ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለእኛ ጥቂት ጠብታ የሆነው ለእሷ ብዙ ነው።

ከደማ የበቆሎ ስታርች ወይም የፉርኖ ዱቄት ጫፉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ያዙ። እኛ ጋ ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ የተለመደ ነው፤ ለወፍ ግን በፍጹም! ካፌይን ይመርዛታል፣ እግሯን በአፏ መነካካቷም አይቀርም።

ለእኔ ከመቁረጫው የሚበልጠው ቆጡ ነው። መድኃኒት ያልተረጨበት የባህር ዛፍ ወይም የወይራ ቅርንጫፍ፣ ወፈር ያለውንም ቀጠን ያለውንም፣ አጥባችሁ አድርቃችሁ አስገቡላት። ቆጡን በብርጭቆ ወረቀት መጠቅለል ግን አይሆንም፤ ጥፍሩን ሳይሆን መዳፏን ነው የሚልጠው።

ጥፍሯ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚረዝም ከሆነ፣ በተለይ መንቆሯም አብሮ ካደገ፣ የጉበት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይያት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ወፍ ያክሙ እንደሆነ በስልክ ጠይቁ።