ደን ሳይንስ ለመማር ለሚያስቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የትምህርት ክፍል መምረጫ ጊዜ ሲቃረብ ስለ ደን ሳይንስ የሚወራው ነገር ያሳስበኛል። ሊገቡበት የሚገባቸው ወጣቶች በወሬ ይሸሻሉ፤ ሌሎች ደግሞ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ይገባሉ።

«ደን ሳይንስ ማለት ችግኝ መትከል ነው።»
ተከላ ጅምሩ ብቻ ነው። የትኛው ዝርያ ለየትኛው አፈር ይስማማል፣ ደኑ መቼ ይሳሳል፣ መቼ ይቆረጣል፣ ቆረጣው ምንጩንና የዱር እንስሳቱን እንዴት ይነካል የሚሉት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ይከተላሉ። ስለዚህ ተማሪው ከዕፅዋት ጥናት ጋር የአፈር ሳይንስ፣ ሥነ ምህዳር፣ ኢኮኖሚክስና የደን ሕግ ይማራል። ዛፍ መቁረጥ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ መደናገጡ አይቀርም። ተጠጋግተው የበቀሉ ዛፎች ግን ብርሃንና ውሃ ይሻማሉ፤ ደካሞቹ በጊዜ ሲወገዱ የቀሩት ይወፍራሉ።

«ሂሳብ የማይወድ ተማሪ እዚህ ይገላገላል።»
ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። የደን ቆጠራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂሳብ ነው። የቆመ ዛፍ ውፍረት በአብዛኛው የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከፍታው የሚቆጠረው ከዛፉ ላይኛው ወገን ነው። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር የሆነን ግንድ 33 ብሎ የመዘገበ ተማሪ ስህተቱ 10 በመቶ ብቻ ይመስለዋል። የግንዱ ወለል ስፋት (ግንዱ በዚያ ከፍታ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት) የሚሰላው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ ግን ስህተቱ 21 በመቶ ይደርሳል። ራዲየሱ 11.28 ሜትር የሆነ ክብ የናሙና ቦታ (ደኑን ወክሎ የሚቆጠር ቁራሽ መሬት) 400 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የሄክታር 25ኛ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ዛፍ መዝለል በሄክታር ስሌት 25 ዛፍ ማጉደል ማለት ነው። ቁመት ለማወቅም ከዛፉ ያለውን ርቀትና ወደ ጫፉ የሚያሳየውን ማዕዘን ይዞ በትሪጎኖሜትሪ ማስላት ያስፈልጋል። የመግቢያ መስፈርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም፣ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪና በሂሳብ በደንብ ተዘጋጅቶ መግባት ይበጃል። ስታቲስቲክስ ደግሞ ማንም የማያመልጠው ትምህርት ነው።

«የዛፍ ስም መሸምደድ ይበቃል።»
ሳይንሳዊ ስሞችን ማጥናት ግዴታ ነው፤ በቃል መያዝ ብቻውን ግን አያዋጣም። የመስክ ፈተና ላይ የሚቀርበው ፎቶግራፍ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው። ቅጠሎቹ ትይዩ ናቸው ወይስ ተፈራርቀው የወጡ? ሲታሹ ይሸታሉ? ቅጠሉ ረግፎ ከሆነስ ቅርፊቱና እምቡጡ ምን ይላሉ? ዓይን እንዲህ የሚሠለጥነው በተደጋጋሚ አብሮ በመዋል ነው።

«የጉልበተኛ ወንዶች ሙያ ነው።»
አይደለም። በዝናብና በዳገት መሥራት እንደሚያደክም መደበቅ አልፈልግም፤ ነገር ግን ከጡንቻ ይልቅ የሚያስፈልገው ሲደክሙም በጥንቃቄ መመዝገብ ነው። በዚህ ሴቶችም ወንዶችም እኩል ይችላሉ። አስም ወይም የንብ መርዝ አለርጂ ያለበት ተማሪ ከመስክ ጉዞ በፊት ለአስተማሪው ይንገር፤ መድኃኒቱንም አይለይ። የመንቀሳቀስ ችግር ያለበትም በካርታ ሥራ፣ በቤተ ሙከራና በፖሊሲ ሰፊ ቦታ አለው።

«ዘመኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ነው።»
ከቢሮ የሚሸሹ ሰዎች ይህን ተስፋ ይዘው ይመጣሉ። ከመስክ የመጣው መረጃ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ከሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽሮ፣ ሪፖርት ሆኖ መውጣት አለበት። ጥሩ ለክቶ ጥርት አድርጎ መጻፍ የማይችል ባለሙያ ውሳኔ ሰጪዎችን ማሳመን ይቸግረዋል።

ከማመልከታችሁ በፊት ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ፦ የመስክ ልምምዱ የሚካሄደው በእረፍት ጊዜ ነው ወይ? የጉዞውንና የቦት ጫማውን ወጪ የሚችለው ማን ነው? የቀረ ተማሪስ ማካካሻ አለው? የሌላውን ማስታወሻ ገልብጦ የመስክ ትምህርት ማሟላት አይቻልምና መልሱን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።