«አፕዴትድ ዊንዶውስ» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ አስጭኖ ነው። «አፕዴትድ ዊንዶውስ ነው ብለው ጫኑልኝ፤ ግን ኢንተርኔት በከፈትኩ ቁጥር ካርዴን ይጨርሰዋል» አለኝ። የተጫነበትን ፍላሽም አብረው ሸጠውለታል። ከፈትኩት። ዋናው መጫኛ በፈረንጆች 2019 የወጣው ዊንዶውስ 10 ነው። ከጎኑ «አፕዴት» የሚል ፎልደር አለ። ፋይሎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ማንም አልነካቸውም።

ይሄ አፕዴት የተደረገ መጫኛ ዲስክ (ሲዲም ይሁን ፍላሽ፣ ዲስክ እለዋለሁ) አይደለም። አሮጌ ዲስክ ነው፣ ጓዝ የተጫነበት። ካርዱን የሚጨርሰውም ኮምፒዩተሩ የጎደለውን አፕዴት ከኢንተርኔት ሲያወርድ ነው።

ነገሩ በሙያው ስሊፕስትሪም ይባላል። ስሙ ለማንም ምንም አያስረዳም፣ እንለፈው። ዊንዶውሱ ከወጣ በኋላ የመጡትን ማስተካከያዎች መጫኛው ፋይል ውስጥ ራሱ አስገብቶ ማዋሃድ ነው። በእንዲህ ያለ ዲስክ የተጫነ ኮምፒዩተር መጀመሪያ ሲነሳ ታድሶ ይነሳል። ፍላሽ እንዴት ቡት (ኮምፒዩተር ማስነሻ) እንደሚደረግ አልነግራችሁም፤ እሱን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላለ ሰው ስለ በርበሬ አይነገርም፤ ግን ልሞክር። እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም በሶብላውም አብሮ ይደለዛል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ኮረሪማው ይጨመራል፣ ወፍጮ ይሄዳል። ከወፍጮ ሲመለስ የቱ በርበሬ የቱ ኮረሪማ እንደሆነ አይለይም። ማንኪያ በገባ ቁጥር ሁሉም አብሮ ይወጣል። ስሊፕስትሪም ማለት ይሄ ነው። የዚያ ልጅ ፍላሽ ግን በርበሬውን ብቻ አስፈጭቶ ኮረሪማውን በፌስታል ጎኑ ማንጠልጠል ነው። ወጡ እንዴት ብሎ ይሽተት?

አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሁልጊዜ ይከራከረኛል። «ምን ለውጥ አለው? ከጫንኩ በኋላ ፎልደሩን ከፍቼ እጭነዋለሁ» ይላል። ለአንድ ላፕቶፕ እሺ። የትምህርት ቤት ሃያ ዴስክቶፕ ቢመጣልህስ? አፕዴቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ቢሄድስ? እኔ ዲስኩን ሳዘጋጅ አንድ ጊዜ እደክማለሁ። እሱ በየማሽኑ ይደክማል።

ደግሞ የድካም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፈረንጆች 2003 ብላስተር የሚባል ዎርም፣ በኔትወርክ ራሱን የሚያባዛ ተንኮለኛ ፕሮግራም፣ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከአሮጌ ሲዲ ጭነህ ኢንተርኔት ላይ ስትሰካው በደቂቃዎች ውስጥ ይገባበት ነበር። ምንም ሳትከፍት፣ ምንም ሳትነካ። አፕዴቱን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ስትከፍት ደግሞ ዎርሙ ይቀድምሃል። በ2004 የወጣውን ሰርቪስ ፓክ 2 (ማስተካከያዎቹ በአንድ የተጠቀለሉበትን) ከሲዲው ጋር አዋህዶ መጫን ከዚህ አዙሪት አውጥቶናል።

ለጥገና ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የሰው ፋይል ሳይጠፋ፣ ፕሮግራሙ ሳይነካ ዊንዶውሱን ከላዩ ማደስ ትፈልጋለህ እንበል። ዲስክህ ማሽኑ ላይ ካለው ያረጀ ከሆነ እንቢ ይልሃል። ሰርቪስ ፓክ 1 ያለው ዊንዶውስ 7 በመጀመሪያው ዲስክ አይታደስም። ዊንዶውስ 10ም እንደዚያው ነው። ያኔ የሚቀርህ ፎርማት፣ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ ነው። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ላፕቶፕ ላይ «ፎርማት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። «ሁሉ ነገር ያለበት ዊንዶውስ» እየተባለ የሚዞረው። ኦፊሱ፣ የፊልም ማጫወቻው፣ ያለ ፈቃድ ለመጠቀም የሚያገለግለው ቁልፍ መስበሪያው ሳይቀር ተጭኖ፣ ከሰው ማሽን እንዳለ የተገለበጠ ኮፒ። ይሄን አፕዴትድ ይሉታል! ይሄ በርበሬም አይደለም። የማታውቀውን ሰው ወጥ ከነድስቱ ማምጣት ነው። ጨዉን የጨመረው እሱ፣ የወደቀበትን ዝንብ የሚያውቀው እሱ። የታደሰ ዲስክ ከማይክሮሶፍት የመጣው ንጹሕ መጫኛና የማይክሮሶፍት ማስተካከያ ብቻ ነው። ፈቃድም በዲስኩ አይመጣም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ብዙ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ መጫኛው ራሱ ያነበዋል። መስበሪያ ምን ያደርጋል?

ሥራው የሚሠራው ዲዝም በሚባል መሣሪያ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ መግዛት አያስፈልግም። መጫኛው ውስጥ ያለውን ዊም የሚባለውን ትልቁን ፋይል ትከፍታለህ፣ አፕዴቱን ትጨምራለህ፣ አስቀምጠህ ትዘጋለህ። ዊንዶውስ 10 ላይ የወሩ አፕዴት ያለፉትን ጠቅልሎ ስለሚይዝ የመጨረሻውን ብቻ ማስገባት ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ዊም ውስጥ ሆምም ፕሮም ሌሎችም የዊንዶውስ ዓይነቶች አሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። አንዱን ብቻ አድሰህ ሌላውን ከጫንክ አሮጌውን ጫንክ ማለት ነው። እኔም አንድ ቀን ሆሙን አድሼ አምስት ማሽን ላይ ፕሮ ጭኛለሁ። ማታ ነው የገባኝ።

ደግሞ ፋይሉ ሲታደስ ያብጣል። ከ4 ጊጋባይት ካለፈ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበለውም። ፍላሹ ተበላሸ ብለህ አትጣለው፤ ፋይሉን ለሁለት ክፈለው።

አፕዴት ድራይቨር (ዊንዶውስ አንድን ዕቃ እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) አይደለም፤ ይሄንንም ሳልል አላልፍም። 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስክ መምረጫው ጋ ስትደርስ ኤስኤስዲው፣ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዲስክ፣ ጭራሽ አይታይም። «ዲስኩ ሞቷል» ተብለው አዲስ የገዙ ሰዎች አይቻለሁ። የጎደለው የኢንቴል ድራይቨር ነው። እሱንም እዚያው ዊሙ ውስጥ ማዋሃድ ይቻላል። መጫኛው ራሱ የሚነሳበት ሌላው ዊም ውስጥም ግን መግባት አለበት፤ አለዚያ መጫኛው ራሱ አያየውም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ፎልደሩ ውስጥ የነበሩት አፕዴቶች የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ስሪት፣ የ22ኤች2 ናቸው። የ2019ኙ ላይ ቢሞከሩም አይገቡም። ማዋሃድም አይቻልም፤ ከሽሮ በርበሬ አይወጣም። አዲስ መነሻ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያወጣው መደበኛ አፕዴት በጥቅምት 2025 ስለቆመ፣ እስከዚያ ወር ያደስኩት አንድ ፍላሽ አለኝ። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ወሩን ጽፌበታለሁ።

በሱ ጫንኩለት። ሲወጣ የድሮውን ፍላሽ አሳየኝና «ይሄን የአፕዴት ፎልደር ምን ላድርገው?» አለኝ።

«አጥፋው» አልኩት፣ «ዘፈን ጫንበት።»