ደብረ ብርሃን፦ የበሬሳ ወንዝና የብርድ ልብስ ከተማ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ብርዷ የታወቀ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ማሳው ላይ ተነጥፎ ያድራል። የሰሜን ሸዋ ደጋ እንግዲህ የገብስና የበግ አገር ነው፤ የከተማዋ ኢንዱስትሪም የተነሣው ከእነዚሁ ነው።

ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ጊዜው 15ኛው መቶ ዘመን ነው። በሰማይ ላይ ብርሃን ቢታይ ንጉሡ በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው አድርገው የመጨረሻ ዘመናቸውን አሳለፉ። በኋላ ከተማዋ በግራኝ ጦርነት ተጎዳች። በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበርና ከአንጎለላ ጋር እያፈራረቁ ይቀመጡባት ነበር።

የሱፍ ሥራ ግን ፋብሪካ አልጠበቀም። የመንዝ በግ ከሥጋው ሌላ ጠጉሩም ይፈለጋል። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ታጥቦ ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ጠበብ ጠበብ አድርጎ ይሠራዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። ቀለም መንከር ብዙም አያስፈልግም፤ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ቡናማውም ከበጉ ጀርባ ይገኛል። ባና ከባድ ነው፣ ሰውነትም ይኮሰኩሳል። የደጋ ሌሊት ግን እሱን ለብሶ ይታለፋል።

የብርድ ልብስ ፋብሪካው የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ቦታው ጥሩ ተመርጧል። በጉ አለ፣ የአዲስ አበባ መንገድ አለ፣ የበሬሳ ወንዝም ከተማዋን ያቋርጣል። ሱፍ ሞራውና አፈሩ እስኪለቅ መታጠብ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። አስቸጋሪው የጠጉሩ ጥራት ነበር። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። በከተማዋ የበግ እርባታ ማእከል ኮሪዴልና አዋሲ የሚባሉ የውጭ ዝርያዎች ከአገሬው በግ ጋር እንዲዳቀሉ የተደረገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በአገሩ ሁሉ ስም አወጣ።

በ1967 ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ከውጭ የሚገባ ለስላሳና ርካሽ ብርድ ልብስ ገበያውን ወረረው። ሱፍ ይህን ውድድር በቀላሉ የሚችለው አልነበረም።

ከተማዋ እንደገና የተነቃቃችው በሌላ በኩል ነው። በ1999 ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ2007 ሐበሻ ቢራ ሥራ ጀመረ፤ ዳሸንም ፋብሪካ ተክሏል። ቢራ ብቅል ይፈልጋል፤ የደጋው ገብስ ከጎን ነው። በ2011 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ልብስ ሰፊዎችም ገቡበት። መነቃቃቱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ለከተማዋ ቅርብ እስከሆነችው ደብረ ሲና ደረሰ። ወዲያው በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ወጣችና ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ልብሶች ያለ ቀረጥ የመግባት ዕድላቸውን አጡ። ከተማዋም በርካታ ተፈናቃዮችን ተቀብላ አስጠግታለች።

እኔን የሚያሳስበኝ በሬሳ ነው። ወንዙ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ በዚሁ ውሃ አትክልት ያጠጣል። የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ መግባቱ ደግሞ የቆየ ችግር ነው። ፋብሪካ በተጨመረ ቁጥር የፍሳሽ ማጣሪያውም አብሮ መጨመር አለበት፤ ይህ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። የሱፍ ሙያውም ጨርሶ አልጠፋም። በማኅበር የተደራጁ ሴቶች ዛሬም የበግ ጠጉር ፈትለው ምንጣፍ በእጃቸው ይሠራሉ። ብርድ ልብሱን ያሸነፈው ርካሽ ዕቃ የእጅ ምንጣፍን እንዲህ በቀላሉ አይተካውም፤ ገዢው ለሙያው ጭምር ነው የሚከፍለው።