ሥዕልን ተከትሎ የሚገጠም ግጥም

ሥዕል አይቶ መግጠም ጥንታዊ ልማድ ነው። ግሪኮች «ኤክፍራሲስ» ይሉታል፤ ጥንታዊው ገጣሚ ሆሜር በ«ኢልያድ» 18ኛ ክፍል የጦር ጀግናውን የአኪሌስን ጋሻ ቅርጾች የገለጠበት ስንኝ ቀዳሚ ምሳሌው ነው።

ለሐዋሳ ሰው ምሳሌው ከዚህ ይቀርባል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የከተማችን ቅዱስ ገብርኤል ከቅርብም ከሩቅም በመጣ ምእመን ሲጥለቀለቅ መልክአ ገብርኤል የተባለው የምስጋና ድርሰት ይደረሳል። መልክእ በግእዝ መልክ፣ ምስል ማለት ነው። ድርሰቱ «ሰላም ለ…» በሚሉ አንጓዎች የተሠራ ሲሆን፣ አንዱ አንጓ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቤት የሚመቱ አምስት ስንኞች አሉት። ከስም አጠራሩ ይነሣና ለራስ ጠጉር፣ ለገጽ፣ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለከንፈር አንድ አንድ አንጓ እየሰጠ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ዓይንም መንገዱ ይኸው ነው፤ ከፊት ጀምሮ ቁልቁል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። መልክኡም «ሰላም ለአዕይንቲከ» (ሰላም ለዓይኖችህ) ሲል የሚያመሰግነው ሁለቱንም ነው። መልክእ የሚያወድሰው ቅዱሱን እንጂ ሥዕሉን አይደለም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ቢሆንም አካሄዱ የተመልካች አካሄድ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም።

ቋንቋችንም ሁለቱን ጥበቦች በአንድ ቃል አስሯቸዋል። ሐረግ በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሣለው ጥልፍልፍ ጌጥ ነው፤ በግጥም ደግሞ የስንኝ ክፋይ ነው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም (የፊደል ድምፅ) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ሲቆም፣ ግራና ቀኙ እንደ ብራናው ጌጥ ይመዛዘናል።

ከውጭዎቹ አሜሪካዊው ገጣሚ ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ግጥሙን የጻፈው ብራስልስ ስለሚገኘው የኢካሩስ ውድቀት ሥዕል ነው፤ ኢካሩስ በግሪክ አፈ ታሪክ በሰም ክንፍ በርሮ ባሕር ውስጥ የወደቀው ልጅ ነው። ሥዕሉ የፍላንደርሱ ሠዓሊ የብሩገል ነው ሲባል ቢኖርም፣ ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ቅጂ ነው ይላሉ። በሥዕሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው የሚያርሰው ገበሬ ነው፤ የሰመጠው ልጅ ከጥግ፣ እግሩ ብቻ ይታያል። ግጥሙም ሰባት ባለ ሦስት መስመር አንጓዎች አሉት፣ ሥርዓተ ነጥብ የለውም፤ ገበሬውን አስቀድሞ የልጁን መስመጥ ለመጨረሻው መስመር ያቆየዋል። ቦታው በሥዕሉ ጥግ ነበር፣ በግጥሙም ጥግ ሆነ።

በአገራችን ብሩሽና ብዕርን አንድ ላይ የያዘው ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) ነው። በሸራ ላይ ረቂቅ ሥዕልን እንዳስለመደ ሁሉ፣ በግጥምም ከተለመደው የአማርኛ ምጣኔ ወጥቶ መስመሩን እንደ ስሜቱ አስረዝሟል፣ አሳጥሯል።