መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችና የዕፅዋት ጭማቂ

ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክን መላመዳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደነበረ የተገመተ ሲሆን፣ አዳዲስ መድኃኒቶች የሚገኙበት ፍጥነት ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ባለመሆኑ በርካታ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት አዙረዋል። ተክል ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል በቅጠሉ፣ በሥሩና በልጣጩ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚከላከሉ ኬሚካሎችን ያመርታል።

በሰፊው ከተጠኑት አንዱ የነጭ ሽንኩርት አሊሲን ነው። አሊሲን በሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ሲደቆስ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም አሊን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝቶ ወዲያውኑ ይፈጥረዋል። ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው ያወጡት ይህ ንጥረ ነገር የባክቴሪያውን ኢንዛይሞች ሥራ ያስተጓጉላል፤ ሆኖም በቀላሉ የሚፈርስና ሙቀት የማይችል በመሆኑ በወጥ ውስጥ ከበሰለ ሽንኩርት ያንኑ ኃይል መጠበቅ አይቻልም። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅለውና ለሻይ የሚለቀመው ጦስኝ ደግሞ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉት ዘይት አለው፤ እነዚህም የባክቴሪያውን ሽፋን እየበሱ በውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጋሉ።

በቤተ ሙከራ የተለመደው መፈተሻ ቀላል ነው። አጋር በሚባል፣ ባክቴሪያ በሚያድግበት የረጋ ምግብ ተሞልቶ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ በጭማቂው የተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጥና፣ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ይለካል። ብዙ የጥናት ጽሑፎች እዚህ ላይ ማቆማቸው ግን ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ዘይትነት ያላቸው ንጥረ ነገሮች በአጋር ውስጥ በደንብ ስለማይሰራጩ የቀለበቱ ስፋት ብቻውን ያሳስታል። ከዚህ የሚሻለው ጭማቂውን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ የባክቴሪያውን እድገት የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን መፈለግ ነው። ጥሩ አንቲባዮቲክ በሚሊ ሊትር በጥቂት ማይክሮ ግራም የሚሠራውን፣ ያልተጣራ ጭማቂ ብዙ ጊዜ በመቶዎችና ከዚያ በላይ በሚቆጠር መጠን ነው የሚሠራው፤ ይህን ያህል ወደ ሰው ደም ማስገባት አዳጋች ነው፣ መርዛማም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የአንድ ተክል ይዘት እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ስለዚህ የበለጠ ተስፋ የሚጣልበት መንገድ ዕፅዋትን በአንቲባዮቲክ ምትክ ከመስጠት ይልቅ አጋር አድርጎ መጠቀም ይመስላል። በርበሪስ በሚባሉት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች የሚገኘውን በርቤሪን የተባለ ባክቴሪያን የሚከላከል ንጥረ ነገር፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ኖርኤ በሚባል ፓምፑ አማካይነት ወደ ውጭ ይተፋዋል። ዳሩ ግን ከእነዚሁ ቁጥቋጦዎች አንዳንዶቹ ይህንን ፓምፕ የሚዘጋ ሌላ ንጥረ ነገር ጭምር እንደሚያመርቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቋል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ በርቤሪኑ በባክቴሪያው ውስጥ ተከማችቶ እድገቱን ይገታል።